ባልዲ ከመግዛታችሁ በፊት፦ አዳማ ላይ በጀሪካን ምን ይተከል?

በባልዲና በጀሪካን አትክልት መትከል ያማረው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዘር ሱቅ ነው። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ያየውን ሁሉ ይገዛና ቤት ሲደርስ "አሁን የት ላድርገው?" ይላል። እኔ የምመክረው ተገላቢጦሹን ነው። መጀመሪያ ድስታችሁን እዩ፣ ቀጥሎ ወሩን ቁጠሩ፣ ከዚያ ያላችሁን ዕቃ። ዘሩ የመጨረሻ ነው።

ከድስቱ እንጀምር። ቶሎ ቶሎ የምትገዙት፣ ግን በትንሽ በትንሹ የምትጠቀሙት ምንድን ነው? ቃሪያ፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ሐበሻ ጎመን፣ የጥብስ ቅጠል፣ በሶብላ። በዕቃ መትከል የሚያዋጣው እነዚህን ነው፣ ምክንያቱም ስትቀጥፏቸው መልሰው ይሰጣሉ። ቆስጣና ጎመን የውጭ የውጪውን ቅጠል እየሸለቀቃችሁ ልቡን ከተዋችሁለት ለወራት አብሯችሁ ይቆያል።

ቀይ ሽንኩርትን ግን እርሱት። አዎ፣ "አዳማ ሬድ" የሚባል በከተማችን ስም የሚጠራ የታወቀ ዝርያ አለ፣ እሱ ግን ለማሳ ነው። አንዱ ተክል አንድ ራስ ብቻ ይሰጣል፣ ለዚያውም ከዘር እስከ ራስ አራት አምስት ወር ባልዲውን ይዞባችሁ። አንድ ባልዲ ሽንኩርት ለአንድ ዶሮ ወጥ አይበቃም! ድንችና ጥቅል ጎመንም እንዲሁ ቦታ ይበላሉ እንጂ ለድካሙ አይመጥኑም። ከገበያ ግዙ፣ አለቀ።

አሁን ወደ ወሩ። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው ዝም ብሎ የሚያልፈው። እኔ ከጾም ወደ ኋላ ነው የምቆጥረው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ቆስጣ ተዘርቶ ለመቀጠፍ ከ50 እስከ 60 ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ በመስቀል ሰሞን የዘራችሁት ቆስጣ ጾሙ ሲገባ ይደርስላችኋል። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሙቀቱ ገና አልመጣም፣ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ቅጠላ ቅጠል የሚወደው ይሄንን ነው። ለሁዳዴ ደግሞ ሰላጣውን ከታኅሣሥ ጀምራችሁ ዝሩ፣ ግን ሁሉንም በአንድ ቀን አይደለም። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ዝሩ፣ አለበለዚያ አንድ ሳምንት ሰላጣ ለጎረቤት ስታድሉ ከርማችሁ በቀጣዩ ወር ከጉልት ትገዛላችሁ። ለረመዳን ሾርባና ሳምቡሳ ድንብላል የምትፈልጉ በየዓመቱ ጾሙ ወደ 11 ቀን ቀደም ብሎ እንደሚመጣ አስቡና ከአንድ ወር ተኩል በፊት ዝሩ። ለድንብላል የዘር ቆርቆሮ መግዛት አያስፈልግም። ከቅመም ተራ ያልተቆላ ገዝታችሁ፣ ፍሬውን ለሁለት ከፈል አድርጋችሁ መዝራት ነው።

መጋቢት ሲገባ የአዳማ ፀሐይ ሌላ ጉዳይ ነው። ሰላጣው ቶሎ አንገቱን አውጥቶ ያብባል፣ ቅጠሉም ይመራል። በዚያን ጊዜ ከቀትር በኋላ ጥላ የሚያገኝበት ቦታ ከሌላችሁ ሰላጣን ትታችሁ ቃሪያ ላይ አተኩሩ። ቃሪያ ሙቀት ይችላል። ቲማቲም ግን ሌሊቱም ቀኑም ሲሞቅ አበባውን ያረግፋል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ቅጠሉን የሚያጠቁር በሽታ ይመታዋል። ስለዚህ ችግኙን በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት አዛውሩና ብርድ ብርድ የሚለውን ወቅት ተጠቀሙበት። ዝርያውን በተመለከተ፣ ከአዳማ ብዙም የማይርቀው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ ጥሩ ናቸው። ዲቃላ ዘር ስላልሆኑ ከበሰለው ፍሬ ራሳችሁ ለከርሞ ዘር ማስቀረት ትችላላችሁ።

ዕቃው ላይ ገንዘብ አታውጡ። ቢጫዋ የ20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ሥራ ትሠራለች። አቁማችሁ አናቷን ከቆረጣችሁ ለአንድ ቲማቲም ትሆናለች፣ ከአንድ በላይ አይሆንም፣ ሁለት ተክላችሁ ሁለቱንም ከማቀጨጭ አንዱን ማጥገብ ይሻላል። በጎኗ አስተኝታችሁ ላይኛውን ጎን ከከፈታችሁት ደግሞ ጥልቀቱ ለሰላጣና ለቆስጣ ይበቃል፤ ሰላጣ 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ካገኘ አያማርርም። ካሮት ከፈለጋችሁ ግን 30 ሴንቲ ሜትር የለሰለሰ አፈር ስጡት፣ ካጠረበት ይጣመማል። የቀለም ባልዲ በደንብ ታጥቦ ለቃሪያ ይሆናል። የጸረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ ግን ምንም ያህል ብታጥቡት አትንኩት። ምስማር በእሳት አግላችሁ ከሥር አምስት ስድስት ቀዳዳ ብሱ፣ ከዚያ ሁለት ጡብ ላይ አስቀምጡት፣ ውሃው መውጫ ይኑረው። ጥቁር ባልዲ ከሆነ በፀሐይ በኩል ጆንያ አልብሱት ወይም ኖራ ቀቡት፤ ሥሩ እንዳይቀቀል።

አፈሩ አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይሁን። ትኩስ ፍግ ያቃጥላል። ፍጉ ሲታፈስ እጅ ላይ የማይሞቅ፣ የማይሸት፣ እንደ አፈር የሚፈረፈር ከሆነ ደርሷል። ዩሪያ ባትነኩ ይሻላል፣ በትንሽ ዕቃ ውስጥ መጠኑን መሳት ቀላል ነው። በየወሩ አንድ ሁለት እፍኝ ፍግ ከላይ ጣል ማድረግ ይበቃል።

ኮንዶሚኒየም ላይ ያላችሁ ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ ክብደት። አፈር የሞላ ጀሪካን ውሃ ሲጠጣ ከ25 ኪሎ በላይ ነው። ስለዚህ በረንዳው ወለል ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጥ፣ አጥሩ ላይ አይሰቀል፣ ከሥር ሰው ያልፋል። ሁለተኛ ነፋሱ። አዳማ አንድና አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋዋት እንዲያመነጩ ተብለው እዚህ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ያው ነፋስ ቲማቲማችሁን ይሰብራል፣ አፈራችሁንም በግማሽ ቀን ያደርቃል። ችግኙን በምታዛውሩበት ቀን የሚደግፈውን እንጨት አብራችሁ ትከሉ፣ በኋላ ሲወጋ ሥር ይቆርጣል። አፈሩንም በደረቅ ሣር ወይም በጤፍ ጭድ ሸፍኑት። ፀሐይም አትርሱ፤ ቲማቲምና ቃሪያ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ይፈልጋሉ፣ ቅጠላ ቅጠል በግማሹ ይኖራል። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ያለው ሰው ታድሏል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ስንት ዕቃ እንደምትተክሉ የሚወስነው ቦታችሁ ሳይሆን በርሜላችሁ ነው። ትልቅ የቲማቲም ጀሪካን በሞቃት ቀን ሁለት ሊትር ያህል ሊጠጣ ይችላል፣ እና አሥር ከተከላችሁ ደምሩት። አትክልትና ሩዝ ያጠባችሁበትን ውሃ አትድፉ፣ ይሆናል። ሳሙናና በረኪና ያለበትን ግን አታጠጡ። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ እርጥብ ከሆነ ዛሬ ይለፈው፣ ደረቅ ከሆነ ከሥር እስኪወጣ አጠጡ። በማለዳ ይሻላል።

አዝመራው ሲያልቅ አፈሩን አትጣሉት። ሥሩን ለቅማችሁ፣ ፍግ ጨምራችሁ፣ ሌላ ነገር ትከሉበት። ቲማቲም በነበረበት አፈር ላይ ግን ቲማቲምም ቃሪያም ወዲያው አትመልሱ፣ ዘመዳሞች ስለሆኑ በሽታው ይጋባል። ቆስጣ ወይም ጎመን ይግባበት።