ያገለገለ ካርትሪጅ ወይስ አዲስ? ከምልክቱ ተነስቶ ጥፋቱን ማግኘት

ቤቱ የቆየ ሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ይህንን ነው፦ «ካርትሪጁን ያገለገለ ልግዛ ወይስ አዲስ?» ካርትሪጅ ማለት በማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ ያለችው፣ መርፌውን የያዘችው ትንሽ ዕቃ ናት፤ መርፌው ሲወጣ የሚቀረውን አካል ቀፎ እንለዋለን። መልሴ አጭር ነው። ያገለገለ ቀፎ ግዙ፤ ያገለገለ መርፌ አትግዙ።

ምክንያቱ አሠራሩ ውስጥ አለ። በብዛት የምናገኘው ሙቪንግ ማግኔት የሚባለው ዓይነት ነው። በዚህ ዓይነት ጥቅልል ሽቦዎቹ ያሉት ቀፎው ውስጥ ነው። ማግኔቷ ደግሞ መርፌው በተተከለበት ቀጭን ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ላይ ናት። ቀፎው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ አርባ ዓመት ቆይቶም ደህና ሊሆን ይችላል። የሚያልቀው የመርፌው አልማዝና ዘንጉን የያዘችው ትንሽ ጎማ ናቸው። ሁለቱም ደግሞ ከመርፌው ጋር ተነቅለው ይወጣሉ።

ሙቪንግ ኮይል የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን ጥቅልሉ ዘንጉ ላይ ስለሆነ መርፌው በቤት ውስጥ አይቀየርም። ያገለገለ ሙቪንግ ኮይል ስም ቢኖረውም፣ ዋጋው ቢያጓጓም፣ እዚህ አገር ሆናችሁ ባትገዙት ይሻላል።

አሁን ወደ ምልክቶቹ።

«ስ» እና «ሽ» ሲሻክሩ

ዘፋኙ «ስ» ወይም «ሽ» ባለ ቁጥር ድምፁ ይሰነጠቃል። መርፌው ወደ ሸክላው መሃል ሲጠጋ ደግሞ ይብሳል። በጣም የተለመደው ችግር ይሄ ነው። በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ በ1969 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ በኋላ ባሉት ዓመታት የወጡት የ45 ዙር ሸክላዎች ዛሬ በየቤቱ የቀሩት ጥቂት ናቸው። ያለቀ መርፌ ሸክላው ላይ የሚሄድበትን ቀጭን ቦይ ግድግዳ እየፋቀ ነው የሚሄደው። የተፋቀው አይመለስም።

መጀመሪያ መርፌውን አጽዱ። በለስላሳ ብሩሽ፣ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ። መንገዱ ሁሉ በሚቆፈርበት በዚህ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ አቧራ ምን ያህል እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ከዚያ ደህና መሆኑን የምታውቁትን ሌላ ሸክላ ሞክሩ። እሱ ካልሻከረ የተጎዳው የመጀመሪያው ሸክላ ነው።

እሱም ከሻከረ መርፌው ሸክላውን የሚጫንበትን ክብደት እዩ። ለዚህ ወርቅ ሠሪዎች እንደሚጠቀሙባት ያለች፣ እስከ 0.01 ግራም የምትለይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ትበቃለች። ለምሳሌ ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ የሚባለው ካርትሪጅ 1.8 ግራም ይፈልጋል። ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ 2 ግራም ነው። ብዙ ሰው ሸክላውን ላለመጉዳት ብሎ ክብደቱን ይቀንሳል። ውጤቱ ግን ተቃራኒው ነው። የቀለለ መርፌ ቦዩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይመታል። ከተባለው ክብደት ማሳነስ ትንሽ ከማብለጥ የከፋ ነው።

ክብደቱ ልክ ከሆነ የካርትሪጁን አቀማመጥ ፈትሹ። የማስተካከያ ሥዕሉን (ፕሮትራክተር ይባላል) ከኢንተርኔት አውርዳችሁ አራት ኪሎ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ታሳትማላችሁ። «ስኬሉ 100 ፐርሰንት ይሁን» በሏቸው። ከዚያ ወረቀቱን በማስመሪያ ለኩ፤ አታሚው አሳንሶት ከሆነ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ከሻከረ መርፌው አልቋል። መፍትሄው አዲስ መርፌ ብቻ ነው።

ስንት ሰዓት ያገለግላል? ኦዲዮ ቴክኒካ ለራሱ መርፌዎች ከሚሰጠው ግምት ተነስቼ ልንገራችሁ። ክብ ጫፍ ያለው 500 ሰዓት፣ ሞላላው 300፣ ማይክሮላይን የሚባለው ደግሞ 1000 ሰዓት ይሄዳል። ያገለገለ መርፌ ስትገዙ ከዚህ ስንቱ እንደተበላ የሚነግራችሁ የለም። ሻጩም ራሱ አያውቅም።

ይሄን መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዶ የፈለገ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ሻጩ ካርትሪጁን በጨርቅ ጠረግ አድርጎ «ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው፣ ይሠራል» ይላችኋል። ላይዋሽ ይችላል፤ ድምፅ ያወጣል። እናንተ 10 ጊዜ የሚያጎላ የሰዓት ሠሪ መነጽር ይዛችሁ ብትሄዱ ዘንጉ መጣመሙን፣ አልማዙ መውደቁን፣ ቆሻሻ መያዙን ታያላችሁ። የአልማዙን ማለቅ ግን በዚህ መነጽር አታዩትም። ለእሱ ከ100 ጊዜ በላይ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዋጋ ስትከራከሩ መርፌውን እንደሌለ ቁጠሩት።

ሆዱ ሸክላውን ሲነካ

ካርትሪጁን ከጎን እዩት፣ ዓይናችሁን ከሸክላው እኩል አድርጋችሁ። በቀፎው ሆድና በሸክላው መካከል ግልጽ ክፍተት መኖር አለበት። ክብደቱ ልክ ሆኖ ሆዱ የሚነካ ከሆነ ጎማዋ ላልታለች። ዘንጉ ከፊት ሲያዩት ወደ አንድ ጎን ካዘነበለም ያው ነው።

ተቃራኒውም አለ። ጎማዋ ስትደርቅ ዘንጉ እንደ ሚስማር ይገተራል። ድምፁ ይደነድናል፣ ባስ ባለበት ቦታ መርፌው ይዘላል። በክረምት ጠዋት ብቻ የሚዘል ከሆነ ግን አትደንግጡ። ጎማ ሲበርደው ይጠነክራል። ክፍሉ ሞቅ እስኪል ጠብቁና ድገሙት።

ለደረቀ ጎማ የቤት ውስጥ መድኃኒት የለም። ዘይት የሚቀቡ ሰዎች አሉ፤ ተዉት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «ሳጥኑ ያልተከፈተ፣ የድሮ ዕቃ» ሲሏችሁ አትቸኩሉ። ጎማ ሳጥን ውስጥም ያረጃል። ሠላሳ ዓመት የተቀመጠ መርፌ አልማዙ አዲስ፣ ጎማው ግን ሽማግሌ ሊሆን ይችላል።

አንዱ ስፒከር ዝም ሲል

አምፕሊፋየሩን አጥፉ። ከካርትሪጁ ጀርባ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ነጭና ሰማያዊ የግራ፣ ቀይና አረንጓዴ የቀኝ ናቸው። ነጩን ከቀዩ፣ ሰማያዊውን ከአረንጓዴው አቀያይሩ። ዝምታው ወደ ሌላው ስፒከር ከዞረ ጥፋቱ ካርትሪጁ ላይ ነው። እዚያው ከቀረ ሽቦው ወይም አምፕሊፋየሩ ነው፤ ካርትሪጅ መግዛት ምንም አይጠቅማችሁም።

ገበያ ላይ ደግሞ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። በሙቪንግ ማግኔት ቀፎ ላይ የግራውንና የቀኙን ጥንድ እግሮች በየተራ ለኩ። ከጥቂት መቶ እስከ አንድ ሺህ ምናምን ኦም ማንበብ አለበት፣ ሁለቱም ተቀራራቢ ሆነው። አንዱ ምንም ካላነበበ ሽቦው ውስጥ ተበጥሷል። በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት። ሙቪንግ ኮይልን ግን በቴስተር አትንኩ፤ ጥቅልሉ በጣም ቀጭን ነው።

ድምፁ ሲያንስ ወይም ሲሳሳ

ባስ የሌለው፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ያለ ድምፅ ከሆነ ካርትሪጁ ምንም አላጠፋም። አምፕሊፋየራችሁ «ፎኖ» የሚል መግቢያ የለውም ማለት ነው፤ የካርትሪጁን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባል መሣሪያ ያስፈልገዋል። ፎኖ ላይ ተሰክቶም ድምፁ በጣም ካነሰ የያዛችሁት ሙቪንግ ኮይል ሊሆን ይችላል። ሙቪንግ ማግኔት ከ3 እስከ 6 ሚሊቮልት ሲያወጣ እሱ ብዙውን ጊዜ 0.5 እንኳ አይሞላም። «እምምም» የሚል ጉምጉምታ ካለ መጀመሪያ የመሬት ሽቦዋን አጥብቁ።

ታዲያ የቱን?

ቀፎውን ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴሉን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱ። ቤት ገብታችሁ መርፌው ዛሬም መመረቱን አጣሩ። ከተመረተ ዋጋውን ቀፎው ላይ ደምሩት። ድምሩ ከአዲስ ካርትሪጅ ዋጋ ከተጠጋ አዲሱን ግዙ፤ ብዙ ጊዜ ይጠጋል። የአሜሪካው አምራች ሹር ለምሳሌ በ2018 እ.ኤ.አ. የካርትሪጅ ሥራውን አቁሟል። ስለዚህ የሹር ቀፎ ስታገኙ እንደ ጃፓኑ ጂኮ ባሉ ሌሎች አምራቾች መርፌ ነው የምትተማመኑት። ጥሩ ቀፎ ከሆነ ያዋጣል።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ መርፌ ብቻ ማስመጣት ይቀላል። ክብሪት ሳጥን የማታክል ዕቃ ናት። መከላከያ ክዳኗ ሳይወልቅ በእጅ ሻንጣ ትምጣ በሏቸው።

አዲስ ለመግዛት ለወሰነ ሰው የኦዲዮ ቴክኒካን የቪኤም95 ቤተሰብ የምመርጠው መርፌዎቹ ሁሉ በአንድ ቀፎ ላይ ስለሚገቡ ነው። ዛሬ ርካሹን ይዛችሁ ነገ የተሻለውን ትሰካላችሁ። አያቶቻችሁ የ78 ዙር ሸክላ ትተውላችሁ ከሆነም ለእሱ የሚሆን ወፍራም መርፌ በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ አለ። የ78 ሸክላ ቦይ ሰፊ ስለሆነ በተራው መርፌ አታጫውቱት። መርፌውን ስትቀይሩ ክብደቱንም ቀይሩ፤ የ78ቱ ወደ 5 ግራም ነው የሚፈልገው። ወደ 45 ዙሩ ስትመለሱም ክብደቱን ወደ 2 ግራም ሳትመልሱ መርፌውን ሸክላው ላይ አታሳርፉ።