1/3 ፖከር ሳይከስሩ እንዴት ይጫወታሉ (ከሜሪላንድ)

ኡበር እየነዳሁ በጎን ፖከር ስጫወት አምስት አመት አለፈኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ናሽናል ሃርበር ኤምጂኤም አንዳንዴ ደግሞ ሃኖቨር ያለው ላይቭ ካዚኖ። ሰሞኑን "ያዋጣል እንዴ? እንዴት ነው የሚጀመረው?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ቁማር ነው ወይ ላላችሁኝ፣ አዎ ቁማር ነው። ከሌላው የሚለየው የምትጫወተው ከቤቱ (ከካዚኖው) ጋር ሳይሆን አጠገብህ ከተቀመጠው ሰውዬ ጋር መሆኑ ነው፣ ቤቱ ኮሚሽኑን ቆርጦ ዝም ይላል።

መጀመሪያ ገንዘቡን ለይ። የኪራይ፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ አገር ቤት የምትልከው፣ እነሱ አይነኩም። እቁብ የወጣልህ ሳምንት ደግሞ ጭራሽ እዛ ሰፈር ባትደርስ ይሻላል፣ ኪሱ ውስጥ 8 ሺህ ዶላር ያለ ሰው 300ዋን እንደ ማኪያቶ ብር ነው የሚያያት። 1/3 ማለት ትንሹ ብላይንድ (ካርታ ሳይታይ በግዴታ የሚያዘው ብር) 1 ዶላር ትልቁ 3 ዶላር ነው፣ 300 ይዘህ ስትቀመጥ 100 ትልቅ ብላይንድ ይዘሃል ማለት ነው። ሌላ ስራ ላለው ሰው እንደኔ 10 እጥፉ፣ 3 ሺህ ዶላር፣ ቢጠፋ እንቅልፍ የማይነሳ መሆን አለበት። ከፖከር ብቻ ልብላ ለሚል 30 እጥፉም ይጠብበታል። እኔ ገንዘቡን ፖስታ ውስጥ ከትቼ ቤት አስቀምጬ 600 ብቻ ይዤ እወጣለሁ፣ የባንክ ካርዱም ቤት ይቀራል፣ ኤቲኤሙን የት እንዳስቀመጡት ስታይ ይገባሃል።

አሁን ሰው የማያሰላውን ሂሳብ እናስላ። ሬክ (የቤቱ ኮሚሽን) እና የጃክፖት ቆረጣ እንደየቤቱ ይለያያል፣ ከአንድ ፖት (መሀል ከተሰበሰበው ብር) 6 ዶላር ነው ብለን እንያዝ። ጠረጴዛ ላይ በሰዓት 30 እጅ (ዙር) ገደማ ነው የሚታደለው፣ 20ው ላይ ሙሉው ቢቆረጥ 120 ዶላር ከጠረጴዛው ወጣ፣ ለ9 ሰው ስታካፍለው ለአንድ ሰው በሰዓት 13 ዶላር ምናምን ይመጣል። ፖት ስታሸንፍ ለዲለሩ (ለካርታ አዳዩ) 1 ዶላር ቲፕ ጨምርበት። እንግዲህ ወንበሩ ኪራይ አለው፣ ከሌሎቹ ትንሽ መሻል ብቻ ኪራዩን አይሸፍንም።

ስትቀመጥ የሚያዋርዱ ነገሮች አሉ፣ ቀድመህ እወቃቸው። ቀይ ቺፕ 5፣ አረንጓዴ 25፣ ጥቁር 100 ነው። ሰው 10 አስይዞ አንተ ዝም ብለህ አንዲት አረንጓዴ ብትወረውር ሬይዝ (ብሩን ከፍ ማድረግ) አይደለም ኮል (የተያዘውን ብቻ መክፈል) ነው፣ ሬይዝ ከፈለግክ ቀድመህ በአፍህ በል። ካርታህ ላይ ቺፕ አስቀምጥበት፣ ዲለሩ በስህተት ሰብስቦት ከሄደ ላይመለስልህ ይችላል። ሌላው፣ እጅ እየተካሄደ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ አይፈቀድም። መጀመሪያ ሰሞን ከማዶ የተቀመጠ አበሻ ጋር አይን ለአይን ተጋጨንና "ደህና ነህ ወንድሜ?" አልኩት፣ ዲለሯ "ኢንግሊሽ ኦንሊ" ስትል ጠረጴዛው በሙሉ ሲዶልቱ የተያዙ ሌቦች አስመስሎ አየን። ሰላምታህን እጁ ካለቀ በኋላ አድርሰው።

ጨዋታው ላይ ብዙ አልልም፣ ዋናው ስራ ፎልድ ማድረግ፣ ካርታህን ጥለህ ከእጁ መውጣት ነው። ከሚታደሉህ ሁለት ካርታዎች ሁለቱም ኤስ የሚሆኑት በአማካይ ከ221 እጅ አንዴ ነው፣ በ30 እጅ ካሰብከው ሰባት ሰዓት ተኩል ቁጭ ብለህ አንዴ ማለት ነው። ጥንድ ካርታ ይዘህ ፍሎፑ (መጀመሪያ የሚገለጡት ሶስት የጋራ ካርታዎች) ላይ ሶስተኛው የሚመጣልህ ደግሞ 12 በመቶ አይሞላም። ኮንከር ስንጫወት እንዳደግነው ሁሉም እጅ ላይ እጄን ላስገባ ካልክ አለቀልህ።

ትምህርት ቤት ያስገባኝን እጅ ልንገራችሁ። ማክሰኞ ከሰዓት፣ 400 ዶላር ይዣለሁ፣ ኤስና ኪንግ መጣልኝና 15 አደረግኩት። ጡረታ የወጡ አንድ ነጭ ሽማግሌ፣ ሶስት ሰዓት ሙሉ ቡና ከመጠጣት ሌላ ምንም ሳያደርጉ የቆዩ፣ ኮል አሉኝ። ፍሎፑ ኪንግ፣ 8፣ 3። 30 አስያዝኩ፣ ኮል። ተርኑ (አራተኛው ካርታ) 5። 70 አስያዝኩ፣ ሽማግሌው ቡናቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡና 200 አደረጉት። እኔ ያኔ ብለፍ (ባዶ ካርታ ይዞ ማስፈራራት) በቪዲዮ ነበር የተማርኩት፣ እያስፈራሩኝ ነው ብዬ ኮል አልኩ፣ ሪቨሩ (የመጨረሻው ካርታ) ላይ የቀረችኝን 155 ጠየቁ፣ እሷንም ሰጠኋቸው። ሁለት ስምንት ይዘው ነበራ፣ ከፍሎፑ ጋር ሶስት ስምንት፣ የኔን ጥንድ ኪንግ ይበላል። 1/3 ላይ ሲጠብቅ የዋለ ሰው ተርን ወይ ሪቨር ላይ ከፍ አድርጎ ሬይዝ ካለህ እውነቱን ነው፣ ኪንግህን አስረክበህ ተነስ። አንተ ደግሞ ኮል ማለት የሚወድ ሰው ላይ አትበልፍ፣ ጥሩ ካርታ ሲኖርህ ብቻ ጠርቀም አድርገህ አስከፍለው።

ከዛን ቀን በኋላ ያለውን ማታ አልነግራችሁም፣ 14 ሰዓት ተቀምጬ 900 ጥዬ መጣሁ። አሁን ሁለት ባይ-ኢን (ይዤ የምቀመጠው 300 ሁለቴ) ካለቀ ወይ ስድስት ሰዓት ከሞላ እነሳለሁ። ከፖከር ክፍሉ ወደ ፓርኪንግ ስትሄድ የሚጠብቅህ ሩሌት ነው፣ ማታውን ሙሉ የለቀመውን 200 ዶላር እዛ በሶስት ደቂቃ ያስረከበ ስንቱን አይቻለሁ። "ወንድሜ 200 አበድረኝ ነገ እሰጥሃለሁ" የሚልህም አይጠፋም፣ በተለይ ወገን። ገንዘቡ የኔ አይደለም በለው፣ ውሸት ቢሆንም ይቅር ይባላል። እንዲህ ያለ ብድር ጠያቂ አንተ ራስህ ሆነህ ከተገኘህ ግን ሜሪላንድ ውስጥ ስምህን አስመዝግበህ ካዚኖ እንዳትገባ የምታሳግድበት ፕሮግራም አለ፣ ፈርምና ተገላገል።

መዝገብ ያዝ፣ ቀን፣ ቦታ፣ ስንት ሰዓት፣ ይዘህ የገባኸው፣ ይዘህ የወጣኸው። ያሸነፍከውን ብቻ የሚያስታውስ ጭንቅላት ነው ያለን። አንድ 500 ሰዓት ሳይሞላ አዋቂ ነኝ አትበል፣ እሱም 15 ሺህ እጅ ብቻ ነው፣ ኦንላይን አራት ጠረጴዛ ከፍቶ የሚጫወት ልጅ በ50 ሰዓት ይጨርሰዋል። ለታክስም ያስፈልግሃል። 2025 ላይ በወጣው ሕግ ከ2026 ጀምሮ ከኪሳራህ የሚቀነስልህ 90 በመቶው ብቻ ነው፣ አመቱን ሙሉ 30 ሺህ አሸንፈህ 30 ሺህ ብትከስር እንኳን 3 ሺህ እንዳተረፍክ ይቆጠራል። ታክስ ለሚሰራልህ ሰው ደብተሩን አሳየው፣ አትፈር።

መቼ ይኬዳል? የሳምንቱ መሀል ከሰዓት በኋላ እንደነዛ ሽማግሌ አይነቶቹ ናቸው የሚሞሉት፣ ብር አይለቁም። ብር የሚረጨው አርብና ቅዳሜ ማታ፣ ጠጥቶ ሊዝናና የመጣው ነው። ችግሩ የኡበርም ገበያ ያኔ ነው። ስለዚህ አርብ ማታ ከአሌክሳንድሪያ የዊልሰን ድልድይን ከመሻገሬ በፊት አፑን ከፍቼ አያለሁ፣ ዲሲ ውስጥ የኡበሩ ካርታ ከቀላ (ገበያው ደርቷል ማለት ነው) ፖስታውን እረሳውና መሪዬን ወደዛ አዞራለሁ።