የናፍጣ ቦይለር እየተነሣ ሲጠፋ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ይህ ጽሑፍ በማሳቹሴትስና በአጎራባች ግዛቶች ባሉ አሮጌ ቤቶች ምድር ቤት በብዛት የሚገኘውን፣ 275 ጋሎን ከሚይዝ የብረት ታንክ የማሞቂያ ናፍጣ እየሳበ ውኃ የሚያሞቅ ቦይለር ይመለከታል። ታንኩ ናፍጣ እንዳለው፣ ማብሪያዎቹ እንደበሩ፣ ቴርሞስታቱ ሙቀት እየጠየቀ እንደሆነና ቦይለሩ ውኃ ሞልቶ በቀዝቃዛው 12 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ገደማ እንደሚያሳይ አስቀድሞ ታይቷል ብዬ እጀምራለሁ። ሥራው በማሳቹሴትስ የበርነር (ናፍጣውን ረጭቶ የሚያነድደው መሣሪያ) ቴክኒሻን የምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ ወረቀቱ የሌለው ባለቤት ይህን ቢያነብ የሚጠቅመው የመጣለት ባለሙያ ምን መለካት እንዳለበት ለማወቅ ነው።

ምልክት፦ ይነሣል፣ ጥቂት ይነድዳል፣ ይጠፋል

በርነሩ ያለችግር ይነሣል፤ ከደቂቃዎች በኋላ እሳቱ ይርገበገባል፣ ፓምፑ ያጉረመርማል፣ እሳቱ ይጠፋና መቆጣጠሪያው በርነሩን ይዘጋዋል። ቀዩ የሪሴት ቁልፍ ሲጫን እንደገና ስለሚነሣ ሁሉም ዳነ ብሎ ይሄዳል፤ ሌሊት ላይ ይደገማል። አዲስ በተገጠመም ሆነ በታደሰ ቦይለር ላይ ከማንኛውም ብልሽት ይልቅ ደጋግሜ የማየው ይህን ሲሆን፣ መንስኤውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በናፍጣው መሳቢያ መስመር የሚገባ አየር ነው። አገር ቤት አይሱዙ የነዳ ሰው ናፍጣው አየር ሲስብ ሞተሩ እንዴት እንደሚያስቸግር ያውቃል፤ እዚህም ነገሩ ያው ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስታቸው መስመሩ ወደ ውጭ አለማንጠባጠቡ ነው። ፓምፑ ሲስብ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ስለሚያንስ፣ የላላ መጋጠሚያ ናፍጣ ከማስወጣት ይልቅ አየር ያስገባል፤ ጨርቅ ይዞ እርጥብ ቦታ የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም። «ታንኩ ሙሉ ሲሆን ይሠራል፣ ሲጎድል ያስቸግራል» የሚል ባለቤት ካጋጠመኝ ሌላ ነገር ሳልነካ በቀጥታ ወደ መስመሩ እሄዳለሁ፤ ናፍጣው ከመጋጠሚያው ከፍታ በታች ሲወርድ በክብደቱ መግፋቱ ቀርቶ ፓምፑ መሳብ ይጀምራልና።

አንድ ቤት ከእኔ በፊት የመጡት ኖዝሉን (ናፍጣውን የሚረጨውን አፍ)፣ ኤሌክትሮዶቹን (ብልጭታ የሚፈጥሩትን)፣ የእሳት ዓይኑን (እሳት መኖሩን የሚያየውን)፣ በመጨረሻም ፓምፑን ቀይረው ነበር፤ ባለቤቱም ለሁሉም ከፍለዋል። የፊልተሩን ክዳን ስከፍት አሮጌው ጋስኬት (ማሸጊያ) እንደተጣበቀ ቀርቶ አዲሱ ከላዩ ተደርቦበት አገኘሁ። ጥፋቱ ይኸው ነበር። ሌላ ቤት ደግሞ ገጣሚው ከውኃ ቧንቧ ዕቃው መካከል በቀለበት የሚጠብቅ መጋጠሚያ አንሥቶ በናፍጣው መስመር ላይ አስገብቶ ነበር። በዚህ መስመር ላይ የቱቦው አፍ በመሣሪያ ተከፍቶ የሚገጠም መጋጠሚያ ብቻ ይግባ። ነጩ የቴፍሎን ጥቅልል ከናፍጣ መስመር ይራቅ፤ ብጣሹ ተጉዞ የፓምፑን ወንፊትና ኖዝሉን ይደፍናል። በርካሽ የሚሸጠው፣ ጠርዙ ሸካራ የሆነ መጋጠሚያም ቁጠባ አይደለም።

ምርመራው እንዲህ ነው። በፓምፑ የአየር ማውጫ ላይ የጠራ የፕላስቲክ ቱቦ ገጥመው ወደ ዕቃ ያስወጡ። በመጀመሪያ ወተት የመሰለ አረፋ ይወጣል፣ ቀጥሎ ይጠራል፤ አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይዘጋዋል። አይዝጉ። ጥቂት ደቂቃ ታግሠው ቱቦውን በባትሪ ብርሃን ይመልከቱት፤ የመርፌ ጫፍ የምታህል አረፋ አልፎ አልፎ ብቅ ካለች መስመሩ አየር እየሳበ ነውና አየር ማውጣት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ከዚያ በፓምፑ መግቢያ በኩል የቫኪዩም ጌጅ (የመሳብ ኃይል መለኪያ) ይግጠሙ፣ የታንኩን ቫልቭ ይዝጉ፣ ጌጁ 15 ኢንች ሜርኩሪ እስኪደርስ ፓምፑን ያስነሡና ያጥፉ። መርፌው አምስት ደቂቃ ባለበት ካልቆየ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው የፓምፑ ይሁን የመስመሩ ለመለየት ፓምፑን በአጭር ቱቦ ከናፍጣ ጀሪካን ጋር ያገናኙት፤ በዚህ ደህና ከሠራ ጥፋቱ የመስመሩ ነው። የታንኩ ቫልቭ ተከፍቶ ጌጁ ከፍ ያለ ቁጥር ካሳየ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ የተደፈነ ፊልተር ወይም የተጣመመ ቱቦ ይፈልጉ።

ቀዩን ቁልፍ ደጋግመው አይጫኑ! እያንዳንዱ መጫን እንደ መቆጣጠሪያው ዓይነት ከ15 እስከ 45 ሰከንድ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወደ ማቃጠያው ክፍል ይረጫል። የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ሲቀጣጠል የቦይለሩን በር ይወረውራል፣ የጭስ ቧንቧውን ይነቅላል፣ ቤቱን ከምድር ቤት እስከ መኝታ ክፍል በጥላሸት ይሞላል። ክፍሉ ናፍጣ ከጠገበ ኤሌክትሪኩን ያጥፉ፤ ናፍጣው ሳይጸዳ ማንም አይለኩሰው።

ምልክት፦ ይነድዳል፣ ግን ያጨሳል ወይም ሲነሣ ያጓራል

እሳቱን በዓይን አይቶ «ቀለሙ ጥሩ ነው» የሚል ሰው አልለካም ማለት ነው። መጀመሪያ የፓምፑ ግፊት ይለካ፤ የኖዝል ቁጥር የሚነገረው በ100 ፒኤስአይ ስለሆነ፣ 1.00 (በሰዓት አንድ ጋሎን) የተባለው ኖዝል በ140 ሲሠራ በሰዓት 1.18 ጋሎን ገደማ ይረጫል፣ ቦይለሩም ከአቅሙ በላይ ሊቃጠልበት ይችላል። ቀጥሎ ከእሳቱ በላይ ያለው የጭስ መሳብ ወደ 0.02 ኢንች ውኃ (የትንሽ ግፊት መለኪያ) ይስተካከል። የበርነሩ አየር የጭስ መለኪያው ነጭ ወረቀት ላይ ፈዛዛ ጥላ እስኪታይ ይቀነስና ከዚያ ወረቀቱ ነጭ እንዲሆን ጥቂት ይጨመር። የጋዝ መለኪያው የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፣ አለዚያ ጥላሸቱ መለኪያውን ያበላሻል። በጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚሊዮን ከ100 በላይ ከሆነ ሥራው አላለቀም።

ጨርሶ እሳት ካልተፈጠረ ኤሌክትሮዶቹ በአምራቹ መመሪያ ልክ መሆናቸውን ይዩ። እሳት እያለ የሚዘጋ ከሆነ የእሳት ዓይኑን መስተዋት ይጥረጉ፤ በደህና እሳት ፊት ከ1600 ኦም በታች ማንበብ አለበት።

ከማስረከብ በፊት

በርነሩ እየነደደ የናፍጣው ቫልቭ ይዘጋ፤ እሳቱ ሲጠፋ መቆጣጠሪያው በተወሰነለት ጊዜ ካልዘጋ ይቀየር። የሙቀት መገደቢያው ከውኃው ሙቀት በታች ዝቅ ተደርጎ በርነሩ መጥፋቱ ይታይ። በ30 ፒኤስአይ የሚከፈተው የደኅንነት ቫልቭ መውጫ ፈጽሞ አይደፈን፤ ስለሚያንጠባጥብ በቡሽ የደፈኑትን አይቻለሁ፣ ይህ ቦይለሩን ቦምብ ማድረግ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ በምድር ቤቱና በመኝታ ክፍሎቹ አጠገብ ይኑር።

አሮጌ ታንክ ተነሥቶ ከሆነ ውጭ ግድግዳው ላይ የቀረው የመሙያ ቧንቧ በዚያው ቀን ይነቀል፤ በካፕ መዝጋት አይበቃም፣ ናፍጣ አመላላሹ ካፑን ፈትቶ ምድር ቤቱን ይሞላዋል።