ቧንቧው የደፈረሰ ውሃ ሲያመጣ፦ መጀመሪያ ብርጭቆ፣ ከዚያ በረኪና

«ውሃ መጣ!» ከተባለ ደሴ ውስጥ ቡናው አቦል ላይም ቢሆን ተጥሎ ይነሳል። ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ድስት ሳይቀር ይሰለፋል። ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን እማማ የቀዱትን አይተው «ዛሬስ ወተት ነው የላኩልን!» አሉና ሁለት ጀሪካን ሙሉ ደፉት። ትንሽ ቢታገሱ ኖሮ ውሃው ደህና ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ጭቃ የመሰለ ውሃ ላይ በረኪና ጠብ አድርጌ «በቃ ታክሟል» ብዬ ጠጥቻለሁ። ሆዴ ያሳየኝን እዚህ አልጽፈውም።

ሁለታችንም ውሃው ለምን እንደደፈረሰ ሳናይ ነበር የቸኮልነው። ለማየት ደግሞ አንድ ብርጭቆ ይበቃል።

ብርጭቆውን ሙሉና ጠብቁ

ቀለም የሌለው ንጹህ ብርጭቆ ሙሉና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ሁለት ሦስት ደቂቃ አትንኩት።

ከሥር ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መስመሩ ባዶ ሲሆን አየር ይሞላዋል። ውሃው ሲመለስ ያንን አየር በግፊት ይዞት ይመጣል፤ ነጭ የሚያስመስለውም ጥቃቅኑ አረፋ ነው። አብሽሩ፣ አየሩ ጉዳት የለውም። (ቆጣሪው በአየር ሲሽከረከር ማየት ያናድዳል፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።)

ከላይ እየጠራ ከሥር አተላ ከተቀመጠ ግን አፈር ወይም ደለል ነው። ቀላ ወይም ቡናማ ካለ ብዙውን ጊዜ የብረት ቧንቧ ዝገት ነው። ሲቀዳ ጥርት ያለው ውሃ ሲፈላ ነጭ ነገር ካወጣና ማንቆርቆሪያው ውስጥ ቅርፊት ከሠራ ደግሞ ኖራ ያለበት፣ ከባድ የሚባለው ውሃ ነው። ለጤና አያሰጋም። ቅርፊቱን ውሃና ሎሚ አፍልታችሁ ብታሳድሩት ይለቃል።

ጎረቤት ጠይቁ

ሰፈሩ ሁሉ ከደፈረሰበት ችግሩ ዋናው መስመር ላይ ነው። እናንተ ቤት ብቻ ከሆነ ሮቶውን ወይም የግቢውን ቧንቧ ጠርጥሩ። ከአንዱ ቧንቧ ብቻ ከሆነ አፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ፈትታችሁ እጠቧት። ስንቱ ቧንቧ ሠራተኛ ለዚህች ብቻ ተከፍሎታል!

የመጀመሪያውን ውሃ ሮቶ አታስገቡ

ከሁሉም ይህችን ያዙልኝ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የመጀመሪያው ፍሰት መስመሩ ውስጥ የተቀመጠውን ደለል ጠርጎ ነው የሚመጣው። ቧንቧው የተሰነጠቀበት ቦታ ካለም በዚያ የገባው ጭቃ ይጨመርበታል። ስለዚህ ወደ ሮቶ የሚወስደውን ዝጉና የግቢውን ቧንቧ ክፈቱ። እስኪጠራ ድረስ የሚወርደውን በባልዲ ያዙት፤ ለሽንት ቤትና ለወለል ይሆናል። ሲጠራ ሮቶውን ክፈቱ።

ሮቶውን ማጠብ

ውሃው ስንዝር ያህል እስኪቀር ተጠቀሙበትና መግቢያውን ዝጉ። ግድግዳውን በረጅም እጀታ ብሩሽ ፈትጉ፤ አተላውን በጥብጣችሁ በታችኛው መውጫ አስወጡ። ሮቶ ውስጥ ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ አታስገቡ።

ሮቶውን ሞልቶ በበረኪና ማሳደር አንዱ መንገድ ነው። ግን በዚህ የውሃ ችግር 1,000 ሊትር ማን ይደፋል? በ10 ሊትር ውሃ ግማሽ የቡና ሲኒ፣ ማለትም 40 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ሽታ ያልተጨመረበት ባለ 5 በመቶ በረኪና ቀላቅሉ። ጓንት አድርጋችሁ ውስጡን በሙሉ በዚሁ አርጥቡት፤ 30 ደቂቃ ቆይቶ በንጹህ ውሃ ይታጠብ። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ለመጠጥ የሚሆነውን ማዘጋጀት

የእኔ ስህተት እዚህ ላይ ነበር። በደፈረሰ ውሃ ውስጥ አፈሩ ክሎሪኑን ይበላዋል፤ ጀርሙም በአፈሩ ይከለላል። ስለዚህ መጀመሪያ ማጥራት ነው። ውሃውን በጀሪካን አሳድሩ። ጠዋት ሳትነቀንቁ የላይኛውን ብቻ፣ አራት በታጠፈ ንጹህ ነጠላ አጥልላችሁ ገልብጡ።

ከዚያ ወይ አፍሉ ወይ ክሎሪን ጨምሩ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ ተዉት። በክሎሪን ከሆነ «ውሃ አጋር» የሚባለው የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ላይ የተጻፈውን መጠን ተከተሉ። ያለው ባለ 5 በመቶ በረኪና ከሆነ ለ1 ሊትር የጠራ ውሃ 2 ጠብታ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ዝገት ሲሆን

ዝገቱ ከግቢያችሁ ቧንቧ ከሆነ ጠዋት የመጀመሪያውን ውሃ ጥቂት ደቂቃ አፍስሱት። ዘላቂው መፍትሔ ያረጀውን ብረት በፕላስቲክ ቧንቧ መቀየር ነው፤ ኪስ ሲፈቅድ። እስከዚያው ነጭ ልብስ በዚህ ውሃ አትጠቡ። ቀይ ነጠብጣብ ከያዘ ደግሞ በረኪና አታስነኩት፣ ጭራሽ ያጸናዋል። ሎሚና ፀሐይ ይሻለዋል።

ውሃው የፍሳሽ ሽታ ካለው ግን ማጥለሉንም ማፍላቱንም ተዉት። አትጠጡት፣ ዕቃም አትጠቡበት። ለውሃ አገልግሎት ደውሉና የጀመረበትን ሰዓት፣ ሰፈሩን፣ ጎረቤትም ጋር እንዳለ ንገሯቸው። የተሰበረውን ቦታ ለማግኘት የሚረዳቸው ይኼ ነው።