የትዳር ጓደኛን ወደ አሜሪካ ለመውሰድ፦ ፋይል ከመክፈት እስከ አዲስ አበባው ቃለ መጠይቅ

አሜሪካ ወዳለ ባሏ ወይም ወደ ሚስቱ ለመሄድ የሚጠባበቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጭንቀቱን ሁሉ የሚያከማቸው በቃለ መጠይቁ ዕለት ላይ ነው። እኔ በደረስኩበት ግን ጉዳዩ የሚወሰነው ከዚያ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ፣ ፋይሉ በሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የቆንስላ ሹሙ ከአመልካቹ ጋር የሚነጋገረው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከፊቱ የተዘረጋው ግን ባልና ሚስቱ በተለያየ ጊዜ የፈረሙት ወረቀት ነው። ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው ከተስማሙ ጥያቄው ያጥራል፤ ካልተስማሙ እውነተኛ ትዳር ያላቸው ሰዎች እንኳ ይንገላታሉ። እኔና ባለቤቴ በዚሁ መንገድ አልፈናል፤ ወራት የባከኑብንም በአንዲት ቀን አጻጻፍ ምክንያት ነበር።

ከሁሉ በፊት የሚለየው ጉዳዩ በየትኛው ረድፍ እንደሚገባ ነው። ፋይሉን የሚከፍተው ሰው የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ የትዳር ጓደኛው የቅርብ ዘመድ ተብሎ ስለሚቆጠር የዓመቱ የቪዛ ኮታ አይመለከተውም። ግሪን ካርድ ብቻ ካለው ግን ጉዳዩ ኤፍ2ኤ በሚባለው ረድፍ ይገባና፣ ስቴት ዲፓርትመንት በየወሩ በሚያወጣው የቪዛ ሰሌዳ ላይ ተራው እስኪደርስ ይጠበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከልበት ጉድጓድ አለ። በኤፍ2ኤ ልጆች ከወላጃቸው ፋይል ጋር ተያይዘው ይሄዳሉ፤ ፋይል የከፈተው አባት በመሐሉ ዜግነት ሲያገኝ የሚስቱ ጉዳይ ወደ ቅርብ ዘመድ ይዛወራል፣ የልጆቹ መያያዝ ግን ይቋረጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው አይ-130 የሚባለውን፣ ፋይል የሚከፈትበትን ቅጽ ማስገባት ያስፈልጋል። ከመጀመሪያውም ዜጋ የሆነ ሰው ለሚስቱ ሲያመለክት እንዲሁ ለየልጁ ማመልከት አለበት፤ የእንጀራ ልጅ ከሆነ ደግሞ ጋብቻው የተፈጸመው ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው መሆን ይኖርበታል።

ይህ የአይ-130 ቅጽ የሚገባው ለአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በሥራ ላይ በዋለው ታሪፍ መሠረት በኢንተርኔት ለሚያመለክት 625 ዶላር፣ በወረቀት ለሚልክ 675 ዶላር ነው። ክፍያም ሆነ የቪዛ ፖሊሲ በድንገት የሚለወጥበት ጊዜ ስለሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የመሥሪያ ቤቱንና የአዲስ አበባውን ኤምባሲ ገጽ በዚያው ዕለት ተመልከቱ፤ ከዓመት በፊት ያለፈ ጎረቤት የነገራችሁን ብቻ ይዛችሁ አትነሡ።

ጋብቻውን በተመለከተ፣ በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻ ሁሉ የጸና ነው። ለቪዛው ግን የቁርባን ወረቀት ወይም የኒካህ ውል ብቻውን አያደርስም፤ ጋብቻው በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ የምስክር ወረቀት ይውጣበት። ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ አግብቶ ከነበረ ያ ጋብቻ መፍረሱን የሚያሳይ ሰነድ የግድ ነው። በሕጋችን ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ስለሆነ፣ በሽማግሌ ፊት ተለያይተናል ማለት እንደ ፍቺ አይቆጠርም፤ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ከአዲሱ ጋብቻ በፊት በፍርድ ቤት መቋጨት ነበረበት ማለት ነው። በውክልና ወይም በስልክ የተፈጸመ ጋብቻም የራሱ ችግር አለው። ተጋቢዎቹ በአንድ ሥፍራ ሳይገኙ የተፈጸመ ጋብቻ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የሚጸናው፣ ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ በአካል ተገናኝተው እንደ ባልና ሚስት ከኖሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሠርጉ በኋላ የተደረገውን ጉዞ የሚያሳየው የፓስፖርት ማኅተም ከጋብቻ ወረቀቱ እኩል ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ቀኑ ጉዳይ ልመለስ። የእኛ የጋብቻ ወረቀት በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ነበርና ወደ እንግሊዝኛ እንዲተረጎም ለአንድ የትርጉም ቤት ሰጠነው። ጋብቻችን የተፈጸመው ጥር 12 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግስት ቅዳሜ ዕለት ነበር። ተርጓሚው ወሩን ብቻ ለውጦ ቀኑንና ዓመቱን እንዳለ አስቀመጠው፤ ትርጉሙ ላይ የተጻፈው ጃንዋሪ 12 ቀን 2004 ሆነ። በቅጹ ላይ እኔ የሞላሁት ግን ትክክለኛውን፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 2012ን ነበር። ሁለቱ ወረቀቶች በስምንት ዓመት ተለያዩ፤ በዚያ ላይ በትርጉሙ ስሌት ባለቤቴ ያገባችው ገና በልጅነቷ መሰለ። ማብራሪያ የሚጠይቅ ደብዳቤ መጣ፤ አስተካክለን እስክንልክ ድረስም ፋይሉ ቆመ። ስለዚህ የተተረጎመውን ሁሉ ከመላካችሁ በፊት በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት በኋላ አዲሱ ዓመት በሴፕቴምበር 12 ስለሚብት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ያሉት ቀኖች በአንድ ቀን ይገፋሉ፤ ጥር 12 በሌሎቹ ዓመታት ጃንዋሪ 20 ሲሆን በ2004 ጃንዋሪ 21 የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ትርጉሙ ላይ ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋዎች እንደሚችልና ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን በፊርማው ማረጋገጥ አለበት።

ስምም እንደ ቀን ነው። የእኛ አጠራር ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ሲሆን ሚስትም የባሏን ስም አትወስድም፤ የአሜሪካ ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም በዚያ ቦታ ከገባ በሁሉም ቅጽ ላይ እንደዚያው ይሁን። "ፀሐይ" የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል፣ ሌላው በሌላ ይጽፈዋል፤ ፓስፖርቱን ዋና አድርጋችሁ ሌላውን አጻጻፍ "ሌሎች የተጠቀምኩባቸው ስሞች" በሚለው ቦታ አስመዝግቡት።

ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ለማሳየት ብዙ ሰው የሠርግ አልበም ይጭናል። በሠርግ ዕለት የተነሣ መቶ ፎቶግራፍ ግን የሚያሳየው የአንድ ቀን ሕይወት ነው። ከሽምግልናው አንድ፣ ከሠርጉ ሁለት፣ ከመልሱ አንድ፣ ከዚያም በየጉብኝቱ የተነሡ፣ የሁለቱም ወላጆች ያሉባቸው ጥቂት ፎቶዎች ከነቀናቸው ይበልጣሉ። የገንዘብ መላኪያ ደረሰኝ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ በየወሩ የተመረጡ የስልክና የመልእክት ልውውጦች ይጨመሩ።

ሁሉም የሚፈራውና ጥቂቶች ብቻ በግልጽ የሚናገሩት ጉዳይ ቀደም ሲል የተሞላ ወረቀት ነው። ፋይል የከፈተው ሰው በዲቪ፣ በጥገኝነት ወይም በሌላ ቪዛ አሜሪካ ሲገባ ስለ ትዳሩና ስለ ልጆቹ የጻፈው ሁሉ ተቀምጧል። ያኔ ላጤ ነኝ ብሎ የገባ ሰው ዛሬ ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ ቢያመጣ፣ ወይም ለዲቪ ብሎ የወረቀት ጋብቻ የተዋዋለ ሰው እንደገና ባለትዳር ሆኖ ቢቀርብ፣ የቆንስላው ጥያቄ ከዚያ ይነሣል። በሕጉ መሠረት ቪዛ ለማግኘት ሲባል ወሳኝ ነገር ላይ መዋሸት ዕድሜ ልክ የሚያግድ ሲሆን፣ ምሕረት የሚጠየቅበት ጠባብ በር ብቻ አለው፤ ለኢሚግሬሽን ሲባል የሐሰት ጋብቻ የፈጸመ ሰው ደግሞ በኋላ ለተፈጸመው እውነተኛ ጋብቻው እንኳ ፋይሉ አይጸድቅለትም። እንዲህ ያለ ነገር ያለበት ሰው አይ-130 ከማስገባቱ በፊት ፈቃድ ያለውን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ሌላ ውሸት ጨምሮ ማስተካከል ይቻላል የሚልን ደላላ የሚሰማ ሰው ባለቤቱንም ይዞ ይወድቃል፤ ይህን ስጽፍ በዓይኔ ያየኋቸው ቤተሰቦች ትዝ ይሉኛል።

አይ-130 ሲጸድቅ ፋይሉ ኒው ሃምፕሸር ወደሚገኘው ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ይሄዳል። በዚያ ለቪዛ ማመልከቻው 325 ዶላር፣ ለስፖንሰር ሰነዱ 120 ዶላር ይከፈላል፤ ከዚያም ተጓዡ ዲኤስ-260 የሚባለውን የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ይሞላል፣ ሰነዶችም በኢንተርኔት ይጫናሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ማዕከሉን ሳያነጋግሩ ዝም ማለት ፋይሉን ሊያዘጋው ስለሚችል፣ ገንዘብ ወይም ሰነድ ቢጓደል እንኳ ገብታችሁ ፋይሉን እዩ፣ ደብዳቤም ላኩ።

አይ-864 የሚባለው የስፖንሰር ቃል ኪዳን የሚጠይቀው ገቢ ለቤተሰቡ ብዛት ከተወሰነው የድህነት ወለል 125 በመቶ ነው፤ ቁጥሩ በየዓመቱ ይታደሳል። ገቢው ካልደረሰ አሜሪካ የሚኖር፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሌላ ሰው ተጨማሪ ስፖንሰር ሊሆን ይችላል። ለዚህ የምትለምኑት ሰው ምን እንደሚፈርም በግልጽ ንገሩት፤ ግዴታው ባልና ሚስቱ ቢፋቱም አይቀርም፣ መጤው ዜግነት እስኪያገኝ ወይም 40 የሥራ ሩብ ዓመታት እስኪቆጠሩለት ድረስ ይቆያል።

16 ዓመት የሞላው አመልካች የፖሊስ ማስረጃ ያቀርባል። ከኢትዮጵያ ውጭ 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ የኖረ ሰው ከዚያም አገር ማምጣት ስላለበት፣ ቤይሩት፣ ዱባይ ወይም ጅዳ ሠርተው የተመለሱ እኅቶቻችን ይህን ሥራ ገና አይ-130 በሂደት ላይ ሳለ ይጀምሩት። በዲኤስ-260 ላይ የሚጻፈው የመኖሪያ ታሪክ ውስጥ ያ አገር ሳይገባ ቀርቶ በፓስፖርቱ ላይ ማኅተሙ ሲገኝ ራሱን የቻለ ጥያቄ ይወልዳል።

የሕክምና ምርመራው ኤምባሲው በሰየማቸው ሐኪሞች ብቻ ይደረጋል። ራጅ ላይ የሳንባ ነቀርሳ የሚያጠራጥር ነገር ከታየ የአክታ ምርመራው ውጤት እስከ ስምንት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ቪዛው በእጅ ሳይገባ ቤት አትሽጡ፣ ሥራ አትልቀቁ፣ ቁርጥ ያለ ትኬትም አትግዙ።

የቃለ መጠይቁ ዕለት እንጦጦ መንገድ ላይ ወዳለው ኤምባሲ ስትሄዱ የቀጠሮውን ደብዳቤ፣ ፓስፖርቱን፣ ፎቶግራፉንና በኢንተርኔት የጫናችሁትን ሰነድ ሁሉ ዋናውን ያዙ፤ ስልክ ለሸኚ ይተው። አሜሪካ ያለው ባለቤት መገኘት ግዴታው አይደለም። ባለቤቴ እንደነገረችኝ መጀመሪያ ሰነድ ተቀባዩ ወረቀቶቹን ለየ፣ የጣት አሻራ ተነሣ፣ ከዚያ ረጅም ጥበቃ ሆነ። ተራዋ ሲደርስ ቀኝ እጇን አንሥታ እውነት ለመናገር ማለች። በአማርኛ መናገር እንደሚቻል ተነገራትና በአማርኛ ተናገረች፤ እንግሊዝኛ ላሳይ ብሎ ግማሽ ነገር ከመናገር ይህ እጅግ የተሻለ ነው።

ጥያቄዎቹ ተራ ናቸው፦ የት ተዋወቃችሁ፣ ሽማግሌ የተላከው ማን ነበር፣ ባለቤትሽ ምን ይሠራል፣ ከማን ጋር ይኖራል፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኛችሁት መቼ ነው፣ ከዚህ በፊት አግብቶ ነበር ወይ። መልሱን ማጥናት ሳይሆን ፋይሉን አንድ ላይ ማንበብ ነው የሚያስፈልገው። ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት ሁለታችሁም አይ-130ንና ዲኤስ-260ን ከፊታችሁ ዘርግታችሁ በስልክ መስመር በመስመር አንብቡ፤ የተሳሳተ ነገር ካገኛችሁ ሳትጠየቁ በመስኮቱ ላይ ቀድማችሁ ተናገሩ። የማታውቁትን "አላውቅም" ማለት ያስከብራል፤ ባለቤቴ የመኪናዬን ዓይነት ተጠይቃ "ቀይ መሆኗን ነው የማውቀው" ብላ መልሳለች፣ የተባለውም "እሺ" ብቻ ነበር። ባሏ ከቀድሞ ሚስቱ ልጅ እንዳለው ገና እዚያ መስኮት ላይ የምትሰማ ሴት ግን ትደነግጣለች፤ ድንጋጤዋም ይታያል። ባሎች ሆይ፣ ያለፈ ሕይወታችሁን ለሚስቶቻችሁ ቀድማችሁ ንገሩ።

ሰነድ ከጎደለ ወይም ተጨማሪ ማጣራት ካስፈለገ 221 ጂ የሚባል ወረቀት ይሰጣል። ቃሉ መከልከል ቢሆንም የተጠየቀው ሲሟላ ጉዳዩ ይቀጥላል፤ ወረቀቱ ላይ የተጠቀሰውን ብቻ፣ በተባለው መንገድ አቅርቡ። የልጅ ወላጅነት ካጠራጠረ የዲኤንኤ ምርመራ ሊጠየቅ ይችላል፤ ይህም ኤምባሲው በሚያዘው አሠራር ብቻ ይደረጋል። ሹሙ ጋብቻውን ካላመነበት ግን ፋይሉን ወደ ኢሚግሬሽን አገልግሎቱ ይመልሰዋል፤ ያኔ ያለ ጠበቃ አትቀጥሉ።

ቪዛው ሲመታ በላዩ ያለውን ስም፣ የልደት ቀንና የሚያበቃበትን ቀን እዚያው አንብቡ። ከጉዞው በፊት 235 ዶላር የኢሚግራንት ክፍያ በኢንተርኔት ይከፈላል፤ ግሪን ካርዱ በፖስታ ስለሚመጣ የተሰጠው አድራሻ በፖስታ ሳጥኑ ላይ ስማችሁ የተጻፈበት ይሁን። አሜሪካ በምትገቡበት ዕለት ጋብቻው ሁለት ዓመት ካልሞላው ሲአር-1 ተብሎ የሁለት ዓመት ካርድ ይሰጣል፤ ይህን ካርድ የያዙ ባልና ሚስት ካርዱ ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ አይ-751 የሚባለውን፣ የካርዱ የሁለት ዓመት ገደብ እንዲነሣ የሚጠየቅበትን ቅጽ በአንድነት ፈርመው ማስገባት አለባቸው። ቪዛው ላይ ሲአር-1 ተጽፎ ሳለ በመግቢያው ዕለት ሁለት ዓመቱ ሞልቶ ከሆነ፣ የጋብቻ ወረቀቱን በእጅ ይዛችሁ ለኤርፖርቱ ሹም ተናገሩ፤ አይአር-1 ተብሎ የዐሥር ዓመት ካርድ የሚያሰጥ መብት ነውና።