ሜትር ወደ ሴንቲ ሜትር፦ መጀመሪያ “ይበዛል ወይስ ያንሳል?” በሉ

የማስተምረው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። ግንባታ የማያልቅበት ሰፈር ነው። ከተማሪዎቼ የአንዱ አባት ግንበኛ ነው፤ የሌላው ፌራዮ ነው፤ የአንዷ እናት ብሎኬት ማምረቻ ትሠራለች። ስለዚህ መለኪያ መቀየር ላስተምር ስል ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። ባለ 12 ፌሮ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ርዝመቱ ደግሞ 12 ሜትር። ቁጥሩ ያው ነው፤ መለኪያው ግን ሺ እጥፍ ይለያያል። ይህን የ5ኛ ክፍል ልጆች ፊት ስትናገሩ የፌራዮው ልጅ “ልክ ነው” ብሎ ይመሰክርላችኋል። ከዚያ በኋላ “ከቁጥሩ ጎን መለኪያውን ጻፉ” ስትሉ ለምን እንደሆነ ይገባቸዋል።

ብዙዎቻችን ይህን ትምህርት የምንጀምረው መለኪያዎቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ከላይ ወደ ታች በሚደረድር መሰላል ነው። “ወደ ታች ስትወርድ አባዛ፣ ወደ ላይ ስትወጣ አካፍል።” መሰላሉን አልጠላውም። ችግሩ ልጁ የሚሸመድደው መሆኑ ነው። ፈተና ላይ ሲደርስ ላዩና ታቹ ይምታታበታል። ማባዛት ሲገባው ያካፍላል፤ 3 ሜትር 0.03 ሴንቲ ሜትር ነው ብሎ ይጽፍና በልበ ሙሉነት ያስረክባል።

እኔ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እርሳስ አላስነሳም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው፤ ቁጥሩ ይበዛል ወይስ ያንሳል? ለዚህ ከውሃ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። 2000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለ እንበል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እየገለበጥን ብንሞላው 100 ጀሪካን ይፈጃል። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ብንሞላውስ? 4000 ጊዜ መመላለስ ነው። ውሃው አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም። መያዣው ሲያንስ ግን ቆጠራው ይበዛል። እዚህ ሰፈር ጀሪካን ያልተሸከመ ልጅ ስለሌለ ነገሩን በትከሻው ያውቀዋል። ቀጥሎ ሰሌዳ ላይ “ከሜትር ወደ ሴንቲ ሜትር”፣ “ከግራም ወደ ኪሎ ግራም” እያላችሁ ጻፉ። የሚበዛ ከሆነ እጃቸውን ያንሱ፣ የሚያንስ ከሆነ ዴስኩ ላይ ያድርጉ። ማን ጎረቤቱን አይቶ እንዳነሳ በደንብ ያስታውቃል።

በሁለተኛው ቀን ሰንጠረዥ እናሰምራለን። ሰባት ዓምድ፤

ኪ.ሜ | ሄ.ሜ | ዴካ.ሜ | ሜ | ዴ.ሜ | ሴ.ሜ | ሚ.ሜ

ሄክቶ ሜትርንና ዴካ ሜትርን በአፉ የሚጠራ ሰው አላጋጠመኝም። “ታዲያ ለምን እንጽፋቸዋለን?” የሚል ልጅ ሁሌም አይጠፋም፤ ጎሽ በሉት። ቦታቸው መያዝ አለበት። እነሱን ከዘለልን ከሜትር ወደ ኪሎ ሜትር ሦስት እርምጃ መሆኑ ቀርቶ አንድ ይመስላል።

ሕጉ አጭር ነው። በአንድ ዓምድ አንድ አኃዝ ብቻ ይቀመጣል። ከነጥቡ በስተግራ ያለው የመጨረሻ አኃዝ በተሰጠው መለኪያ ሥር ይገባል። 3.45 ሜትርን ውሰዱ። 3 በሜትር ሥር፣ 4 በዴሲ ሜትር፣ 5 በሴንቲ ሜትር። ወደ ሚሊ ሜትር ይቀየር ከተባለ በሚሊ ሜትር ሥር ዜሮ ሞልተን እናነባለን፤ 3450። ወደ ሴንቲ ሜትር ከሆነ 5 ላይ እናቆማለን፤ 345። ነጥቡን መቁጠርም ሆነ ማሻገር አያስፈልግም።

የሰንጠረዡ ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። “3 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትርን በሜትር ጻፉ” በሏቸው። ብዙው ልጅ 3.5 ብሎ ይጽፋል። አትቆጡ፤ ሰንጠረዡ ላይ እንዲያስቀምጠው ብቻ አድርጉ። 3 በሜትር ሥር ገባ፤ 5 በሴንቲ ሜትር ሥር። መሀል ላይ የዴሲ ሜትር ቤት ባዶውን ቀረ። ባዶ ቤት ዜሮ ነው። 3.05። በ3.5 እና በ3.05 ሜትር መካከል 45 ሴንቲ ሜትር አለ። በር የሚያሠራ ሰው በዚህ ቢሳሳት ምን እንደሚሆን የአናጢ ልጅ ካለ እሱ ያስረዳላችሁ።

ክብደት ላይ ብዙ አልቆይም። ሰንጠረዡ ያው ነው፤ በሜትር ፋንታ ግራም ይገባል። ሁለት ነገር ብቻ አስታውሱ። አንደኛ፣ ልጆች “2 ኪሎ ከሩብ” ሲባሉ 2.4 ይጽፋሉ፤ ሩብ ማለት ከአራት አንድ ስለሆነ አራቱን ይዘው ይመጣሉ። 2.25 ኪሎ ግራም ወይም 2250 ግራም ነው። ሁለተኛ፣ ኩንታል በሰንጠረዡ ውስጥ ቤት የለውም። 100 ኪሎ ግራም መሆኑን ለብቻው ይያዙት። ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ሁለቱ ከረጢት አንድ ኩንታል፣ 10 ኩንታል አንድ ቶን።

ልጆቹ በደንብ የሚወድቁት ስፋት ላይ ነው። እዚህ ጊዜ ስጡ። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሴራሚክ ስፋቱ 3600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ወደ ካሬ ሜትር ቀይሩ ስትሉ “36!” ይሏችኋል። “ቲቸር፣ አንድ ሜትር መቶ ሴንቲ ነው ብለውን የለ?” አልከራከርም። 36 ካሬ ሜትር እኮ 6 በ6 ሜትር ክፍል ነው እላቸዋለሁ። በአንድ ሴራሚክ ቤቱ አለቀ ማለት ነው። ይስቃሉ፤ ከሳቁ ስህተቱ ታይቷቸዋል።

ከዚያ ወለሉ ላይ በጠመኔ 1 ሜትር በ1 ሜትር አስምሩ። ወለሉ አፈር ከሆነ በእንጨት ጫሩ። ውስጡን በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በቁምም በአግድምም ይከፋፍሉት። 100 ትንንሽ ካሬዎች ይወጣሉ። እያንዳንዷ 10 በ10፣ ማለትም 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ናት። መቶ ጊዜ መቶ፣ 10,000። 3600ን ለ10,000 ስናካፍል 0.36 ካሬ ሜትር ይመጣል። ሰንጠረዡን ለስፋት የምትጠቀሙ ከሆነ በእያንዳንዱ ዓምድ ሁለት ሁለት አኃዝ ይገባል፤ ለይዘት ሦስት ሦስት። ጠመኔውን ሳያዩ ይህን ብትነግሯቸው ግን ሌላ ሽምደዳ ነው። ማሰሪያው፦ ለዚያ 36 ካሬ ሜትር ክፍል ስንት ሴራሚክ ያስፈልጋል? 100። “የሚቆረጥና የሚሰበር አለ፣ ይጨመርበታል” የሚል ልጅ ከተነሳ ሙሉ ማርክ ስጡት።

ለይዘት ከካርቶን 10 በ10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ያሠሩ። ውስጡን ፌስታል አልብሱና የአንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ገልብጡበት። ሞልቶ ልክ አፉ ላይ ይቆማል። ውሃው ሲገፋው የካርቶኑ ጎን ስለሚነፋ ዳርና ዳሩን ሁለት ልጆች ይያዙት። አንድ ሜትር ኩብ የዚህ ሳጥን 1000 ነው፤ 1000 ሊትር። የውሃ ቆጣሪ የሚቆጥረው በሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ የቤት ሥራው፦ የቤታችሁን ቆጣሪ ዛሬ አንብቡ፣ በሳምንቱ ድገሙት፣ ልዩነቱ ስንት ጀሪካን ነው? አንድ ሜትር ኩብ ባለ 20 ሊትሩን 50 ጀሪካን ይሞላል። ለአንድ ቀን የማልሰጠው ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ነው፤ ቆጣሪው ፍንክች ሳይል ሊያድር ይችላል።

እርማት ላይ ጨካኝ ነኝ። ቁጥሩ ልክ ሆኖ መለኪያው ካልተጻፈ ግማሽ ማርክ እቀንሳለሁ። ወላጅ መጥቶ ሲያማርር “450 ስንት ነው?” እለዋለሁ። “450 ምን?” ብሎ ይመልሳል።

ሰዓትን እዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ አታስገቡ። 2.5 ሰዓት 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ የሚመስለው ልጅ ብዙ ነው፤ 150 ደቂቃ መሆኑን ለማሳየት በ60 መሥራት ይጠይቃል። ለእሱ ሌላ ቀን መድቡለት።