ጅማ ላይ ለጨዋታ ሰው ማስገባት ከፈለጋችሁ ከውሃውና ከሳምቡሳው ዋጋ ጀምሩ

የሰፈር ውድድርም ሆነ የክለብ ጨዋታ የምታዘጋጁ ልጆች ሁሌ "ሰው ሜዳ መግባት ተወ" ትላላችሁ፣ መፍትሄ ሲባል ደግሞ ወይ መግቢያውን ነፃ እናርገው ወይ ዘፋኝ እንጥራ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። የመግቢያው ዋጋ እንዳለ ይቆይ፣ ውስጥ የሚሸጠውን ነገር ዋጋ አውርዱ። ሰው መግቢያ ሲከፍል ብዙም አይከፋውም፣ ገብቶ ሰፈሩ በ20 ብር የሚጠጣውን ውሃ 40 ሲሉት ነው የሚናደደው፣ ያንን ነው ለጓደኛው የሚያወራው፣ በሚቀጥለው ሳምንትም አይመጣም።

የጅማ ሰው ኳስ አይወድም የሚል ካለ 2010ን ያስታውስ፣ የከተማው ክለብ ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ አድጎ በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫውን ሲወስድ ከተማው ምን እንደነበር። የፍቅር ችግር የለም፣ የምትፎካከሩት ከዲኤስቲቪ ቤት ጋር ነው። እዛ አንድ ሻይ ይዞ ሁለት የእንግሊዝ ጨዋታ ያያል፣ ጣሪያ አለው፣ የጅማ ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ይሄን ሂሳብ ወረቀት ላይ ስሩ፦ አንድ አባት ከሁለት ልጆቹ ጋር ከቆጪ ወይ ከሂርማታ ተነስቶ ሲመጣ ባጃጅ ደርሶ መልስ፣ መግቢያ፣ ሦስት ውሃ፣ ሦስት ሳምቡሳ፣ ኦቾሎኒ ምናምን ተደምሮ ስንት ይሆናል? ድምሩን ስታዩት ለምን ቤቱ እንደሚቀር ይገባችኋል።

አሜሪካኖቹ ይሄን ነገር ሞክረውታል። ቤዝቦል እዛ አንድ ቡድን በሜዳው ብቻ 81 ጨዋታ ነው የሚያደርገው፣ ያን ሁሉ ቀን ወንበር መሙላት ቀላል አይደለም፣ ለዛ ነው ርካሽ ቢራ፣ የአንድ ዶላር ሆት ዶግ ቀን እያሉ ሰው የሚጠሩት። ሳቫና ባናናስ የሚባል የቤዝቦል ቡድን ደግሞ በፈረንጅ 2016 ሲጀምር ምግቡን ከቲኬቱ ጋር አንድ ላይ አድርጎ ሸጠ፣ የገባ ሰው የፈለገውን ያህል ይበላል፣ ስሙን ካወጡለት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ቤዝቦል ባይሆንም ለኔ በጣም የሚገርመው አትላንታ ነው፣ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድናቸው በፈረንጅ 2017 አዲስ ስታዲየም ሲገባ የምግቡን ዋጋ በግማሽ አወረደው፣ ሰው ግን በነፍስ ወከፍ ያወጣው ብር 16 በመቶ ጨመረ። ርካሽ ሲሆን ሁለት ይገዛል፣ ቤት በልቶ ከመምጣት ቀደም ብሎ መጥቶ እዛው ይበላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ዋጋው የሚወደደው ነጋዴው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ያስወደዳችሁት እናንተ ናችሁ። የመሸጫ ቦታውን ጠቅልላችሁ ለአንድ ሰው በጨረታ ትሰጣላችሁ፣ ብዙ የጠራ ያሸንፋል፣ ብሩን ቀድሞ ይከፍላል፣ እናንተም ደስ ይላችኋል። ሰውዬው ያንን ብር ከየት ያወጣል? ከውሃው ላይ ነዋ። ስለዚህ ቦታውን ለአምስት ስድስት ሻጭ ከፋፍሉት፣ ኪራዩን ዝቅ አድርጉ፣ በምትኩ ውሉ ላይ የዋጋ ጣሪያ ጻፉ፣ ለምሳሌ ከሱቅ ዋጋ 5 ብር በላይ የጨመረ በሚቀጥለው ጨዋታ አይገባም። ገቢ ያስፈልገናል ካላችሁ ከሽያጭ ፐርሰንት አትጠይቁ፣ ካሽ ስለሆነ ማንም እውነቱን አይነግራችሁም፣ በካርቶን አስከፍሉ፣ ሲገባ በር ላይ ቁጠሩ ሲወጣ የተረፈውን ቀንሱ አለቀ።

ነጋዴው "እከስራለሁ" ማለቱ አይቀርም፣ ቁጭ አድርጋችሁ አስሉት። እንበል አንድ ውሃ በጅምላ 15 ብር ገባው፣ በ40 ሲሸጥ 200 ሰው ገዛው፣ ትርፉ 5,000 ነው። በ25 ሲሸጥ 600 ሰው ከገዛው 6,000 ሆነ። 600 ካልሞላስ? 500 ከሸጠ እኩል ነው የሚወጣው፣ ከዛ በታች ከወረደ ይጎዳል፣ እውነት ነው፣ ለዛ ነው ኪራዩን ቀድማችሁ ማውረድ ያለባችሁ፣ ሪስኩን እሱ ላይ ብቻ ጥላችሁ ዋጋ ቀንስ ማለት አይሰራም።

ሁሉንም ነገር ግን አታርክሱ። ሦስት አራት ነገር ምረጡ፦ ውሃ፣ ሳምቡሳ፣ ኦቾሎኒ ወይ ቆሎ፣ የጀበና ቡና። ቡና አገር ሆነን ስታዲየም ውስጥ ቡና ውድ ከሆነማ ያሳፍራል። ለስላሳና ጁሱ በፈለገው ዋጋ ይሸጥ፣ ሰው የሚያስታውሰው የውሃውን ነው። ዋጋው ክብ ይሁን፣ 10፣ 20፣ 25፣ ምክንያቱም የምትሸጡት በእረፍቱ 15 ደቂቃ ነው፣ መልስ ሲፈለግ ወይ ቴሌብር ኔትወርክ ሲጠበቅ ያልቃል። ወንበር ለወንበር እየዞሩ የሚሸጡ ልጆች አሰማሩ፣ ሰልፍ ያየ ሰው ተመልሶ ይቀመጣል። ዋጋውን ደግሞ ቀድማችሁ ለጥፉ፣ ቴሌግራም ላይ፣ እዚሁ ጅማ መርካቶና አጂፕ ሰፈር አካባቢ፣ "ውሃ 25፣ ሳምቡሳ 10" ብላችሁ፣ ከጨዋታው ሰዓት እኩል በትልቁ። በሩ ላይ ደርሶ የሚሰማው ዋጋ አንድም ሰው አያመጣላችሁም።

ቢራውስ ለምትሉ፣ እኔ ጅማ ላይ ቢራን ማጥመጃ አድርጉት አልልም። ግማሹ ተመልካች አይጠጣም፣ ሌላው ተማሪ ነው፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ ደግሞ በህግ ክልክል ነው። በፈረንጅ 1974 አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ በአንድ የቤዝቦል ጨዋታ ላይ 65 ሳንቲም የነበረውን ቢራ በ10 ሳንቲም ሸጡት፣ ከ25 ሺህ በላይ ሰው መጣ፣ መጨረሻ ላይ የሰከረው ሁሉ ሜዳ ገብቶ ድብድብ ሆነና ባለሜዳዎቹ በፎርፌ ተሸነፉ። እዛ በአንድ ጊዜ ስድስት ብቻ ይገዛል የሚል ገደብ ነበረ፣ ግን ስንቴ ተመልሶ እንደሚገዛ የከለከለ አልነበረም። አሁን ብዙ የቤዝቦል ቡድኖች ከጨዋታው ዘጠኝ ዙር ሰባተኛው ላይ ቢራ መሸጥ ያቆማሉ። የግድ ከሸጣችሁ ህጉ ሜዳ ውስጥ መሸጥ የሚፈቅድ መሆኑን አጣርታችሁ፣ ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ይዛችሁ፣ መታወቂያ እያያችሁ፣ ለብቻው በታጠረ ቦታ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ብቻ፣ ከእረፍት በኋላ ዝጉት፣ ዋጋውንም አታውርዱት።

ሰዓትም ወሳኝ ነው፣ ከአስር ሶላት ጋር የሚጋጭ ጨዋታ አታድርጉ፣ ሰግዶ በሰላም የሚደርስበትን ሰዓት ያዙ። ረመዳን ላይ በቀን ጨዋታ ሻጭ አትደርድሩ፣ ሜዳው ፓውዛ ካለው ከኢፍጣር በኋላ አድርጉት፣ ሳምቡሳው ያኔ ነው የሚያልቀው።

በመጨረሻ ቁጥር ያዙ፣ የገባው ሰው ስንት፣ ያለቀው ካርቶን ስንት፣ የካርቶኑን ቁጥር በገባው ሰው ቁጥር አካፍሉት። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ምንም ለውጥ ላይታይ ይችላል፣ ሰው ገና አልሰማም፣ ነጋዴው "አላልኳችሁም?" ይላል፣ ሦስት ጨዋታ ሳይሞላ ዋጋውን አትመልሱለት።